ፕሮጀክት ጉተንበርግና ሊብሪቮክስ በልብ ሰቀላ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲፈተሹ

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ልብ ሰቀላን (አንባቢው ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ የሚጓጓበትን ስሜት) በመማሪያ መጽሐፍ ቁራጭ ምንባብ ማስተማር እንደማይሆን ያውቀዋል። ሦስት አንቀጽ ተነቦ «ዋናው ሐሳብ ምንድን ነው?» ከተባለ በኋላ የሚሰቀል ልብ አይኖርም። ሙሉ ታሪክ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ በአንድ ቅጂ ከተገኘም ተመስገን ነው። ክፍተቱን በነጻ የሚሞሉ ሁለት አገልግሎቶች አሉ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ በማይክል ሃርት አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ የዲጂታል መጻሕፍት ክምችት ሲሆን ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት ይዟል። ሊብሪቮክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ፤ በጎ ፈቃደኞች የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን እያነበቡ በድምፅ ያስቀምጡበታል። አንዱም ክፍያ አይጠይቅም፣ አንዱም ተመዝገቡ አይልም።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ጉተንበርግ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ሊብሪቮክስ ለግማሹ ይሆናል። ሁለቱም ግን ለመማሪያ ክፍል ታስበው አልተሠሩም፤ ፋይሉን እንደወረደ አባዝቶ ለተማሪ የሚያድል መምህር ታሪኩን በገዛ እጁ ይገድለዋል። ተማሪው ወረቀቱ እንደደረሰው መጀመሪያ የሚገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነውና።

ፍለጋው ላይ አንድ የሚያደናቅፍ ነገር አለ። የጉተንበርግ መፈለጊያ በዋናነት የሚያውቀው የመጽሐፍና የደራሲ ስም ነው፤ አጭር ልቦለዱ በስብስብ ውስጥ ካለ በታሪኩ ርዕስ ላይገኝ ይችላል። የኤድጋር አለን ፖ «ቴል-ቴል ሃርት» በደራሲው ሥራዎች 2ኛ ቅጽ ውስጥ ነው ያለው። የሳኪ «ዚ ኦፕን ዊንዶው» ደግሞ «ቢስትስ ኤንድ ሱፐር-ቢስትስ» ከተባለው ስብስብ ይወጣል። ስለዚህ በደራሲው ስም ፈልጉ፣ ስብስቡን በማሰሻ ክፈቱ፣ ከዚያ በገጹ ውስጥ ርዕሱን ፈልጉ። የዊልያም ጃኮብስ «ዘ መንኪስ ፖው» (የዝንጀሮዋ መዳፍ) ግን ለብቻውም ስለተቀመጠ በቀላሉ ይገኛል።

ለማባዛት ስታወርዱ ተራውን የጽሑፍ ፋይል ተዉት። እያንዳንዱ መስመር 70 ፊደል አካባቢ ሲደርስ ስለሚቆረጥ ዎርድ ላይ ሲለጠፍ አንቀጾቹ እንደ ግጥም ስንኝ ይበጣጠሳሉ፤ በሰያፍ መታተም የነበረባቸው ቃላትም በግርጌ ሰረዝ ታጥረው ይመጣሉ። በማሰሻ የሚነበበውን ቅጂ ክፈቱና ከዚያ ገልብጡ፤ አንቀጹ ሳይበተን ይመጣል። ከላይና ከታች ያለውን ረጅም የፈቃድ ማስታወቂያ ቁረጡት። የጉተንበርግ ስም እስካልተጠቀሰ ድረስ መብቱ ያለፈበትን ጽሑፍ ብቻውን ማባዛት በራሱ በድርጅቱ ደንብ የተፈቀደ ነው።

ደንቡ ግን የሚናገረው ስለ አሜሪካ ሕግ ነው። በእኛ አገር የሚሠራው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ፖ በ1849፣ ሳኪ በ1916፣ ጃኮብስ በ1943 ስለሞቱ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ሐሳብ አይግባችሁ። የሮአልድ ዳል ታሪኮች በየድረ ገጹ በፒዲኤፍ ተበትነው ቢታዩም ሰውየው የሞተው በ1990 ነው፤ ገና ነጻ አልወጡም።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከጉተንበርግ አንድ ታሪክ ብቻ ምረጡ ብንባል «የዝንጀሮዋ መዳፍ»ን እንመርጣለን፤ ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 የታተመ፣ 4 ሺህ ቃል ገደማ ያለው፣ ደራሲው ራሱ በሦስት ክፍል የከፈለው ታሪክ ነው። ቀስ ብሎ፣ በደቂቃ 120 ቃል ያህል ለሚያነብ ሰው ንባቡ ብቻ ከ30 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስለዚህ አይበቃም፤ ሦስት ክፍለ ጊዜ መድቡለት። የመጀመሪያው ክፍል ብቻውን የታሪኩን ግማሽ ስለሚያህል አንደኛው ቀን ይጣበባል፤ በዚያን ቀን የቤት ሥራ እርማት የሚባል ነገር አታስገቡ።

ታሪኩን ለማያውቅ መምህር ባጭሩ፦ ሽማግሌው ሚስተር ኋይት፣ ሚስቱና ልጃቸው ኸርበርት ቤት፣ ከሕንድ የተመለሰ ወታደር ይመጣና የደረቀ የዝንጀሮ መዳፍ ያሳያቸዋል። መዳፉ ለሦስት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ሦስት ምኞት ይፈጽማል ይባላል። የመጀመሪያው ባለቤት ሦስተኛ ምኞት ሞት ነበር። ወታደሩ መዳፉን እሳት ውስጥ ይወረውረዋል፤ ሽማግሌው ከእሳቱ ያወጣዋል፤ በመጀመሪያ ምኞቱም 200 ፓውንድ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው መቁረጫ እዚህ ነው። መዳፉ እሳቱ ውስጥ ሲወድቅ ንባቡን አቁሙና «ታወጡታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ?» ብላችሁ እጅ አስወጡ። ቁጥሩን ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉ፤ አታጥፉት። በሦስተኛው ቀን ያው ጥያቄ እንደገና ሲጠየቅ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ከማንኛውም የማጠቃለያ ጥያቄ በላይ ያወያያል።

ሁለተኛው መቁረጫ የታሪኩ ምርጥ ቦታ ነው፤ ብዙ መምህር ግን ሳያውቀው ያልፈዋል። በሁለተኛው ክፍል ጥሩ የለበሰ እንግዳ ሰው በር ላይ እያመነታ ይመላለሳል፣ በመጨረሻም ይገባል። ከኸርበርት መሥሪያ ቤት ነው የመጣው። እናትየው ልጇ ተጎድቶ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሰውየው ክፉኛ እንደተጎዳ ይነግራትና አሁን ግን ምንም ሕመም እንደማይሰማው ይጨምራል። እናትየው አምላኳን ታመሰግናለች። እዚህ ላይ ዝም በሉ። አታብራሩ፣ አትተርጉሙ፣ አትጠይቁ። ከፊት የተቀመጡት ጥቂቶች ወዲያው ይገባቸዋል፤ ከዚያ ግንዛቤው ወደ ኋላ ወንበር ሲሄድ በዓይን ይታያል። ልብ ሰቀላና ድንጋጤ የሚለያዩበትን ነጥብ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ 20 ሴኮንድ የለም፦ አንባቢው ከገጸ ባሕርይዋ ቀድሞ አውቋል፣ ሊነግራትም አይችልም። ከዚያ ቀጥሉና ካሳው ስንት እንደሆነ እስኪነገር ድረስ አንብቡ። ክፍሉ ምኞቱ በነበረው በዚያው ቁጥር፣ በ200 ፓውንድ ይዘጋል።

ሦስተኛው መቁረጫ ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት ነው። እናትየው የሞተው ልጇ በሕይወት እንዲመለስ ሽማግሌውን ሁለተኛውን ምኞት አስመኝታዋለች፤ አሁን በር እየተንኳኳ ነው፣ እሷ መቀርቀሪያውን ለመክፈት ወንበር ላይ ልትወጣ ነው፣ ሽማግሌው ወለሉ ላይ እየዳሰሰ መዳፉን ይፈልጋል። የመጨረሻውን አንቀጽ ከምታባዙት ወረቀት ላይ ቆርጣችሁ አስቀሩት፤ በቃል ብቻ ይነበብ። ከንባቡ በፊት ተማሪው ሦስተኛውን ምኞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «አይ ዊሽ» ከሚለው ግንባታ ጋር አያይዛችሁ ካስጻፋችሁ የሰዋስው ክፍለ ጊዜም አተረፋችሁ። ደራሲው ምኞቱ ምን እንደነበር አይነግረንም፤ ከበሩ ኋላ ማን እንደቆመም አናይም። ስለዚህ «በሩን ያንኳኳው ማን ነው?» የሚል የምርጫ ጥያቄ ፈተና ላይ ማውጣት ስሕተት ነው። ታሪኩ ሆን ብሎ ባዶ የተወውን ቦታ መምህሩ በ«ለ» ወይም በ«ሐ» ሞላው ማለት ነው።

ቋንቋው የ120 ዓመት እድሜ ስላለው ይከብዳል የሚል ቅሬታ አለ፤ ትክክል ነው፤ ግን ችግሩ ያለው መዝገበ ቃላት በሚያስገልጡት ቃላት ላይ አይደለም። የሚያሳስቱት ተማሪው አውቃቸዋለሁ የሚላቸው ናቸው። የታሪኩ የመጀመሪያ ቃል «ዊዛውት» ነው፤ እዚያ «ያለ» ሳይሆን «ውጭ» ማለት ነው። ይህ ካልተነገረ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትርጉም አይሰጥም፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የተሸነፈ ተማሪ ደግሞ አይመለስም። ሌላው ኸርበርት አባቱን ቤቱን «ክሊር» ስለማድረግ የሚለው ነው። ተማሪዎች «ቤቱን ማጽዳት» ይሉታል፤ የቤቱን እዳ መክፈል ነው። 200 ፓውንዱ ከየት እንደመጣ የሚገባውም ይህን ላወቀ ብቻ ነው።

አስቀድመው የሚሰጡ ቃላት ከስምንት አይብለጡ። «ፖው»፣ «ፋኪር»፣ «ታሊዝማን» እና ሁለቱ አሳሳቾች ይግቡ። ሁለት ቃላት ግን በምንም ምክንያት ሰሌዳ ላይ ቀድመው አይጻፉ፦ «ማሽነሪ» እና «ኮምፐንሴሽን»። «አዲስ ቃላት» በሚል ርዕስ ሥር ሁለቱ ጎን ለጎን ከተጻፉ ንቁ ተማሪ ፋብሪካ ውስጥ አደጋ እንደሚደርስና ካሳ እንደሚከፈል ንባቡ ሳይጀመር ደርሶበታል። ከበይነ መረብ የሚወርዱ የቃላት ወረቀቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ይወድቃሉ፤ ቃላቱን በፊደል ተራ ደርድረው ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ያስረክባሉ። አንዳንድ ቅጂዎች ላይ ደግሞ ከርዕሱ ሥር ስለ ምኞት የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር አለ። እሱንም ቁረጡት።

ንግርን (ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆምን) ለማስተማር የመጀመሪያው ገጽ በቂ ነው። ታሪኩ ሲከፈት አባትና ልጅ ቼዝ እየተጫወቱ ነው፤ አባትየው ያለ አንዳች ምክንያት ንጉሡን አደጋ ላይ ይጥላል፣ ስሕተቱን የሚያየውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን አትንኩት። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ተመልሰው ራሳቸው ያግኙት። «ንግር ማለት...» ብሎ ፍቺ ካስጻፉ በኋላ ምሳሌ ማስፈለግ ትምህርቱን የግርምቢጥ ያደርገዋል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። «ታሊዝማን» የሚለውን በክታብ ማስረዳት ይቀላል፤ ተማሪ ወዲያው ይገባዋል። ነገር ግን ወሬው ወደ መተትና ድግምት ይሄድና ግማሹ ክፍል ሰባኪ፣ ግማሹ ምስክር ሆኖ ቁጭ ይላል። አምስት ደቂቃ ስጡትና ወደ ጽሑፉ መልሱት፦ መዳፉ በእርግጥ እንደሠራ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ? በሁለተኛው ክፍል ሽማግሌው የወታደሩን ቃል ጠቅሶ ነገሩ ሁሉ በተፈጥሮ መንገድ ስለሚመጣ አጋጣሚ ነው ሊባል እንደሚችል ይናገራል። ለክርክሩ ማስረጃው ይሄ ነው፤ ሁለቱም ወገን ከገጹ እየጠቀሰ ይከራከርበታል።

ከሌሎቹ ታሪኮች በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው «ዚ ኦፕን ዊንዶው» ነው፤ 1,200 ቃል ገደማ። አጭር ነው ብሎ ለ9ኛ ክፍል መስጠት ግን አያዋጣም፤ ምጸቱ ለ12ኛ የሚሆን ነው። የ15 ዓመቷ ቬራ ውሸቷን ከመጀመሯ በፊት እንግዳውን አካባቢውንና አክስቷን ያውቅ እንደሆነ ታጣራለች። ታሪኩ ካለቀ በኋላ እነዚያን ጥያቄዎች ፈልጉ ማለት ከሁሉም የሚበልጥ መልመጃ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «ሮማንስ» ፍቅር ማለት አይደለም፤ ፈጠራ ወሬ ነው። ይህ ካልተነገረ ተማሪው ቬራ እንግዳውን ወደደችው ብሎ ይወጣል፣ ታሪኩም ውሃ በላው።

«ቴል-ቴል ሃርት» 2,150 ቃል ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመ። ግድያና አስከሬን መቆራረጥ ስላለበት ለ9ኛ ክፍል አንመክረውም። ለትልልቆቹ ግን ልብ ሰቀላ ጊዜን በመለጠጥ እንደሚሠራ የሚያሳይ ወደር የሌለው ናሙና ነው፦ ተራኪው በበሩ ክፍተት ጭንቅላቱን ለማስገባት ብቻ አንድ ሰዓት እንደፈጀበት ይናገራል። የሪቻርድ ኮኔል «ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም» በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የታወቀ ነው፤ ግን 8 ሺህ ቃል ስለሚሆን ንባቡ ብቻ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። አርእስቱ ላይ ያለው «ጌም» ጨዋታም ታዳኝ አውሬም ነው፤ በአማርኛ አንዱን ስትመርጡ ሌላው ይጠፋል፣ ስለዚህ አርእስቱን አትተርጉሙት። የክለብ ሰዓት ላለው ትምህርት ቤት እንጂ ለመደበኛ ክፍለ ጊዜ አይሆንም።

አሁን ስለ ድምፁ። ሊብሪቮክስ ላይ አንድ ታሪክ በብዙ ሰው ተነቦ ይገኛል፤ ጥራቱም እንደ አንባቢው ነው። አንዱ የተዋናይ ያህል ያነባል፣ ሌላው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያስመስለዋል። ከማውረዳችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ከመሐሉ አዳምጡ፤ ከመጀመሪያው አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይጠነቀቃል። ባለ 64 ኪሎቢቱ ፋይል በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ የ30 ደቂቃ ንባብ 15 ሜጋባይት አይሞላም። ለሞባይል ዳታ ይህ ይበቃል፤ ባለ 128ቱ እጥፍ ነው፣ በመማሪያ ክፍል ስፒከር ላይ ግን ልዩነቱ አይሰማም። እያንዳንዱ ቅጂ ስለ ሊብሪቮክስ በሚናገር መግቢያ ይጀምራል፤ ያንን በተማሪ ፊት ማሰማት ድባቡን ስለሚያፈርስ ቀድማችሁ አሳልፉት።

ሙሉውን ታሪክ በድምፅ ማሰማት ግን አንመክርም። የማያውቁት የአነጋገር ቅላጼ ሲጨመርበት 50 እና 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የኋላዎቹ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይለቃሉ። ድምፁ የሚጠቅመው ለአንድ ቁራጭ ነው፦ በ«መዳፉ» ሦስተኛ ክፍል በሩ መንኳኳት ከሚጀምርበት እስከ መቀርቀሪያው። የሚነሳበትንና የሚቆምበትን ደቂቃና ሴኮንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በጣት እየጎተቱ መፈለግ መጨረሻውን አስቀድሞ ያሰማል። ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጋችሁ ብሉቱዙን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱ። በሩ እየተንኳኳ የቴሌ መልእክት ከገባ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ያንን ቀን ማዳን አይቻልም።

የቀረውን ንባብ መምህሩ ራሱ ያንብበው። ተማሪዎች በየተራ አንድ አንድ አንቀጽ እንዲያነቡ ማድረግ ለድምፅ ልምምድ ጥሩ ነው፤ ለልብ ሰቀላ ግን መርዝ ነው፤ አንዱ ቃል ላይ ሲደናቀፍ የሁሉም ልብ ከተሰቀለበት ይወርዳል። ምልልሱን ከአንድ ቀን በፊት ለተለማመዱ ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ስጡ፣ ትረካውን እናንተ ያዙ። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ እየቆሙ በአማርኛ መተርጎምም እንደዚያው ነው። በየመቁረጫው አንድ ተማሪ እስካሁን የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ በአማርኛም ቢሆን ችግር የለም።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ የ«መዳፉ» ሙሉ ጽሑፍ በሁለት ዓምድ፣ በ10 ነጥብ ፊደል አራት የኤ4 ገጽ ገደማ ይወጣዋል። 60 ተማሪ በአምስት በአምስት ሲከፈል 12 ቅጂ፣ ማለትም በአንድ በኩል ብቻ ሲታተም 48 ወረቀት ነው። ሁለቱንም ፊት ማተም ግማሹን ይቆጥባል፤ ነገር ግን የሁለተኛው ቀን ጽሑፍ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ጀርባ ላይ ይመጣል። እዚህ ላይ ቁጠባው አይጠቅምም፤ በአንድ ፊት አትሙ፣ በየቀኑ የቀኑን ብቻ አድሉ፣ ደወሉ ሳይደወል ሰብስቡ። ርዕሱንም አጥፉት፤ በርዕሱ በስልክ ፈልጎ መጨረሻውን አንብቦ የሚመጣ አይጠፋም። አስቀድሞ ያነበበው ተማሪ ካለ አታባርሩት፣ አታስፈራሩትም፤ የንግር መዝጋቢ አድርጉት። ማስታወሻ ይዞ መጨረሻውን የሚጠቁሙትን መስመሮች ይሰብስብ፣ በሦስተኛው ቀን ለክፍሉ ያንብብ። ምስጢር እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ልጅ ምስጢር አያወጣም፤ ቢያንስ እስከ ሦስተኛው ቀን።